የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ በኢትዮጵያውያን ዘንድ

የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሲባል የዩናይትድ ስቴትስ ቀኝ ክንፍ ፖለቲከኞች፣ ተንታኞችና የሃይማኖት መሪዎች የሚያራምዱት አስተሳሰብ በትውልደ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያንና በአገር ቤት ባሉ ተከታታዮች ዘንድ የሚደመጥበት፣ የሚደገፍበትና የሚተችበት መንገድ ነው። ጉዳዩ በአብዛኛው ከሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያውያን ይህን አስተሳሰብ እንደ አንድ ጥቅል አይወስዱትም። ስለ ቤተሰብና ስለ ሃይማኖት የሚለውን ብዙዎች ይጋሩታል፤ ስለ ስደተኞች የሚለው ግን ራሳቸውን ወይም ዘመዶቻቸውን ይነካል። በምርጫ ሰሞን ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ዋሽንግተን ስለ ኢትዮጵያ የያዘችው አቋም ሚዛን የደፋባቸው ጊዜያት አሉ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው

«ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ወግን፣ ማለትም የቆየ ልማድንና ሥርዓትን፣ አጥብቆ የሚይዝ ማለት ሲሆን «ኮንሰርቫቲቭ» ለሚለው የውጭ ቃል አቻ ሆኖ ያገለግላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄና በደርግ ዘመን የፖለቲካ ቋንቋ የአሮጌው ሥርዓት ደጋፊ የሚጠራው «አድኃሪ» ተብሎ ነበር። ያ ቃል ስድብም ክስም ስለነበረ «ወግ አጥባቂ» ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ገለልተኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ «አክራሪ» በሚለው ቃል ሲተካ ይታያል፤ ይህ ስህተት ነው፤ ማክረር የአቋም መጠን እንጂ የአቋም ዓይነት አይደለምና።

ቃሉ የአሜሪካኖቹን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ሃይማኖትንና ባህላዊ ቤተሰብን ከመደገፍ ባሻገር የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን እንዲጠብ፣ ግብር እንዲቀንስ፣ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እንዲጠበቅ ይሟገታል። በኢትዮጵያ ግን የገጠር መሬት ከ1975 አዋጅ ወዲህ የግል ሀብት አይደለም፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በመሆኑም በባህል ጉዳይ ፍጹም ወግ አጥባቂ የሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ መንግሥት የኑሮ ውድነትን እንዲቆጣጠር፣ ዘይትና ስኳር እንዲያቀርብ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ በአሜሪካ ሚዛን ተቃርኖ ይመስላል፤ በኢትዮጵያ ግን ማንንም አያስገርምም።

አጭር ዳራ

የዘመናዊው የአሜሪካ ወግ አጥባቂነት መነሻ ብዙውን ጊዜ ዊልያም ባክሊ በ1955 ካቋቋመው ናሽናል ሪቪው መጽሔት ይቆጠራል። ባሪ ጎልድዋተር በ1964 ምርጫ ተሸነፉ፤ ሮናልድ ሬገን በ1980 አሸነፉ። ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከሁለቱም ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረው መመሪያ በ1987 ሲሻር ለወገንተኛ የሬዲዮ ትንታኔ በር ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት የረሽ ሊምባው ዝግጅት በመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። ፎክስ ኒውስ በ1996 ተከተለ። ዛሬ ክርክሩ በብዛት ወደ ዩቲዩብና ወደ ፖድካስት ዞሯል። ከዚህ ትውልድ በስፋት ይታወቁ ከነበሩት አንዱ ቻርሊ ከርክ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 በዩታ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ በጥይት ተገድሏል።

ሬገን ሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ ኢትዮጵያ በደርግ ሥር የሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ነበረች። የሬገን አስተዳደር ደርግን በፖለቲካ እየተቃወመ በ1984ና በ1985ቱ ረኃብ ግን እህል ልኳል። በዚሁ ዘመን ከቀይ ሽብርና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ አማካይነት አሜሪካ መግባት ጀመሩ። ኮሚኒዝምን በገዛ ሕይወታቸው ያዩ ስለነበሩ የሬገን ፀረ ኮሚኒስት ንግግር ከአንዳንዶቹ ልብ ገብቷል።

ሃይማኖትና ባህል

በ2007 የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶ ሙስሊም፣ 18.6 በመቶ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። ሦስቱም ወገኖች ስለ ጋብቻና ስለ ጾታ ባላቸው አቋም ከአሜሪካ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች እምብዛም አይርቁም።

የዚህ መቀራረብ ጉልህ ማሳያ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። በ1959 በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ በዓለም ካሉት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ትልልቆቹ አንዷ ስትሆን ከአሜሪካና ከስዊድን ሉተራኖች ጋር የቆየ አጋርነት ነበራት። በ2009 የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ውስጥ የሚኖሩ አገልጋዮችን ለመቀበል ወሰነች፤ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚያው ዓመት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን መፈጸም ፈቀደች። መካነ ኢየሱስ ውሳኔዎቹን ተቃውማ በ2013 መጀመሪያ በአዲስ አበባ ባካሄደችው ጠቅላላ ጉባኤ ከሁለቱም ጋር የነበራትን ግንኙነት ማቋረጧን አጸደቀች።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ከአጋሮቹ ይገኝ የነበረው ድጋፍ አብሮ የሚቋረጥ ነበርና። በአሜሪካ በበኩሉ በ2010 ከትልቋ ቤተ ክርስቲያን ተነጥሎ የተቋቋመው ወግ አጥባቂው የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። በዚህ ምክንያት የሐሳብ ፍሰቱ ተገላበጠ። ቀድሞ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር፤ አሁን ግን የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ሉተራኖች ከሊበራል ወገኖቻቸው ጋር ሲከራከሩ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እንደ ምስክር ይጠቅሳሉ።

በ2019 ደግሞ ቶቶ ቱርስ የተባለ መቀመጫው ቺካጎ የሆነ፣ ደንበኞቹ ግብረ ሰዶማውያን የሆኑ አስጎብኚ ድርጅት ላሊበላን ጨምሮ ኢትዮጵያን ለመጎብኘት ማቀዱ ሲሰማ ከኦርቶዶክስ ማኅበራት ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀልነት ይፈርጃል።

መመሳሰሉ ግን በሁሉም ነገር አይደለም። ጥሩው ምሳሌ ጽንስ ማቋረጥ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 24 ቀን 2022 የፌዴራል ጥበቃውን ካነሣ በኋላ ቴክሳስን የመሰሉ ግዛቶች አስገድዶ መድፈርን እንኳ በልዩነት የማይቀበል ክልከላ ሥራ ላይ አውለዋል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 ጽንሱ የተገኘው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤንነት አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች ይፈቅዳል። ስለዚህ «ወግ አጥባቂ» በምትባለው ኢትዮጵያ ያለው ሕግ ከቴክሳሱ የላላ ነው። የአማርኛ ክርክሮች ይህን ልብ ሲሉት አይታይም።

ሌላው የግንኙነት መስመር ጉዲፈቻ ነበር። በ2000ዎቹ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ማሳደግ የክርስቲያን ግዴታ ነው የሚል ንቅናቄ በአሜሪካ ወንጌላውያን መካከል ተስፋፋ፤ በ2010 ብቻ ወደ 2,500 የሚጠጉ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ2011 ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቅጣት ምክንያት ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። ጉዳዩ በአገር ቤት ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለች። የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ሴናተር ጂም ኢንሆፍ፣ በጉዲፈቻ የመጣች ኢትዮጵያዊት የልጅ ልጅ የነበራቸው፣ ኢትዮጵያን ደጋግመው ከጎበኙና በሴኔት ስለ እርሷ ከተናገሩ ጥቂት የምክር ቤት አባላት አንዱ ነበሩ። በጁላይ 2024 አርፈዋል።

ከኮንግረስ እስከ ቨርጂኒያ ምርጫ

ትውልደ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነው። በምርጫ ጥናቶች «ጥቁር መራጮች» በሚለው ውስጥ ስለሚጠቃለሉ ለየትኛው ፓርቲ ምን ያህል ድምፅ እንደሰጡ ለብቻው አይቆጠርም። የእያንዳንዱ ወገን ተሟጋች «ሐበሻው ከእኛ ጋር ነው» ሲል ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከሪፐብሊካኖች ጋር የነበረው ግልጽ ትብብር በኤች.ሬስ. 128 ታይቷል። የኢሕአዴግን መንግሥት የሰብአዊ መብት አያያዝ የሚተቸውን ይህን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ ነበሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኦሮራ ከተማ እንደራሴ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማንም በብርቱ ደገፉት። የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 10 ቀን 2018 (ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.) አሳለፈው፤ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ስምንት ቀን ሆኗቸው ነበር። የውሳኔ ሐሳብ አቋም መግለጫ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ በአማርኛ ዜናዎች ግን «ሕጉ ጸደቀ» እየተባለ ተሰራጨ። ተመሳሳይ የትርጉም ስህተት እስከ ዛሬ አለ፤ ረቂቅ ሕግ፣ የውሳኔ ሐሳብና የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሦስቱም «ሕግ» ወይም «አዋጅ» ይባላሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዓባይ ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2019 በገንዘብ ሚኒስትሩ ስቲቨን ምኑቺን መሪነት ዋሽንግተን ውስጥ የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ድርድር ኢትዮጵያ በፌብሩዋሪ 2020 የመጨረሻውን ዙር ሳትገኝ በመቅረቷ ቆመ። አስተዳደሩ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ርዳታ አገደ። በኦክቶበር 23 ቀን 2020 (ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም.) ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ አምባሳደር ማይክ ሬይነርን ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። ምርጫው 11 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። በሃይማኖት ምክንያት ትራምፕን ለመምረጥ ያሰቡ ኢትዮጵያውያን ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ የግድቡ ቦንድ ገዢዎች እነርሱው ናቸውና።

አንድ ዓመት ሳይሞላ ሚዛኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት ፕሬዚዳንት ባይደን በሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ። በኖቬምበር 2 ቀን 2021 (ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.) ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትገባበት ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ። ያ ቀን በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ በቨርጂኒያም የገዥ ምርጫ የተካሄደበት ቀን ነበር።

በምርጫው ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ዴሞክራቱን ቴሪ ማክኦሊፍን በ63,000 ያህል ድምፅ አሸነፉ። የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ያንግኪንን ደግፎ ነበር። ብዙዎችም የባይደንን ፓርቲ ለመቅጣት ሲሉ ወደ ሪፐብሊካን እንዲዞሩ ወገኖቻቸውን ቀስቅሰዋል። ከዚህ በመነሣት «ያንግኪንን ያስመረጠው ሐበሻ ነው» የሚል አባባል ተሰራጨ። አባባሉ የተጋነነ ይመስላል፤ የዘመቻው ዋና መከራከሪያ የትምህርት ቤቶች ጉዳይና የወላጆች ሥልጣን ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ለዓመታት የዴሞክራቶች እርግጠኛ ድምፅ ተደርጎ ይታይ የነበረ ማኅበረሰብ ድምፁ ዋጋ እንዳለው በአደባባይ አሳየ።

ቁጣውን በዴሞክራቶች ላይ ብቻ ማሳረፍ ሙሉ እውነት አይሆንም። በ2022 የቀረበውን ኤች.አር. 6600 የተባለ ረቂቅ ያመጡት ዴሞክራቱ ቶም ማሊኖውስኪ ቢሆኑም ሪፐብሊካኗ ያንግ ኪምም አብረዋቸው ነበሩ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ማሊኖውስኪም በኖቬምበር 2022 መቀመጫቸውን በሪፐብሊካኑ ቶም ኪን ተነጠቁ።

ትራምፕ ተመልሰው ከመጡ በኋላ በ2025 ግድቡን አሜሪካ በገንዘቧ እንደሠራችው አድርገው ደጋግመው ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ግድቡ የተሠራው በኢትዮጵያውያን ገንዘብ ነው ብለው አስተባብለዋል። ግድቡ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 (ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.) ተመርቋል።

ዲቪ

የዲቪ ሎተሪ የመጣው በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሕጉን የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ ነበሩ። በዓመት እስከ 55,000 ለሚደርሱ ሰዎች ዕድል የሚሰጠው ይህ መርሐ ግብር በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ያለ ዘመድና ያለ ቀጣሪ አሜሪካ የገቡበት በር ነው። ሎተሪው የተመሠረተበት ሐሳብ ግን ከዛሬው ወግ አጥባቂ አቋም ጋር ይጋጫል፤ ተንታኞቹ ስደተኛ በችሎታው ተመርጦ እንጂ በዕጣ መግባት የለበትም ይላሉ። በኦክቶበር 2017 በኒው ዮርክ ማንሃተን በዲቪ የገባ ሰው በጭነት መኪና ሰዎችን ከገደለ በኋላ ትራምፕ መርሐ ግብሩ እንዲሰረዝ ጠየቁ። በዲሴምበር 2025ም በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተፈጸመውን ግድያ ተከትሎ እንዲታገድ ታዘዘ፤ ተጠርጣሪው በዲቪ የገባ ፖርቱጋላዊ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ የኢትዮጵያውያን ክርክር ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ይልቅ ቤት ውስጥ ይገባል። ቀድመው የገቡ አንዳንዶች «እኛ በሕግ ገባን» በማለት የድንበሩን ቁጥጥር ይደግፋሉ። ታናሽ ወንድሙ ዲቪ ሞልቶ የሚጠብቅ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል።

ከቡሽ እስከ ትራምፕ፦ የርዳታ ጉዳይ

የአሜሪካ ወግ አጥባቂነት ራሱ አንድ ወጥ አለመሆኑን ከርዳታ በላይ የሚያሳይ የለም። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው. ቡሽ «ርኅሩኅ ወግ አጥባቂነት» በሚሉት መርሕ በ2003 ፔፕፋር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መርሐ ግብር ጀመሩ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ነበረች። ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት በስፋት የተዳረሰው በዚህና በግሎባል ፈንድ ድጋፍ ነው። በወቅቱ ገንዘቡ እንዲመደብ ከተሟገቱት መካከል ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ይገኙበታል።

«አሜሪካ ትቅደም» የሚለው አዲሱ ክንፍ ሐሳቡ ሌላ ነው። ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ፤ ዩኤስኤአይዲ በጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቁሞ ቀሪው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ትልቋ የአሜሪካ ርዳታ ተቀባይ ስለነበረች ጉዳቱ ወዲያው ተሰማ። የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። ባለሙያዎቹ በኤች.አይ.ቪ.ና በወባ ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ርዳታ ጥገኝነትን ያመጣል የሚለው የወግ አጥባቂዎች ትችት ብዙ ኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች ያሉት ቢሆንም መድኃኒት በድንገት መቋረጡን ግን እነዚያው ሰዎች ሲቃወሙት ተሰምቷል።

ቦሌ መድኃኔዓለም

በአዲስ አበባ ይህ ክርክር ፊት ለፊት ከሚሰማባቸው ሰፈሮች አንዱ ቦሌ መድኃኔዓለም ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከመድኃኔዓለም ካቴድራል ሲሆን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑና ሆቴሎች፣ ካፌዎችና የሚከራዩ አፓርትመንቶች ስለሞሉበት ከአሜሪካ ለሚመጡ ዳያስፖራዎች ዋና ማረፊያ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለ2014 ዓ.ም. ገና ወደ አገሩ እንዲገባ ጥሪ ባቀረቡበት ሰሞን የባይደንን አስተዳደር የሚቃወመው «በቃ» የተባለው ዘመቻ መፈክር ከተሸከሙ ሰልፈኞች ጋር ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ አብሮ መጥቷል።

የሰዓት ልዩነቱም የራሱ ሚና አለው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። የፎክስና የሌሎቹ ዋና የማታ ዝግጅቶች እዚህ ሲደርሱ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የሚታዩት በነጋታው ተቆርጠው፣ የአማርኛ ማብራሪያ ተጨምሮባቸው በዩቲዩብና በቲክቶክ ነው። የተቆረጠ ንግግር ከዐውዱ ወጥቶ ይደርሳል፤ የግድቡ ንግግር በተደጋጋሚ ያስቆጣው በከፊል በዚህ መንገድ ስለሚዞር ነው። የ2024ቱን ምርጫ ትራምፕ ማሸነፋቸው የታወጀው በአዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰው ምሳ ላይ እያለ ነበር።

ከ1982 ጀምሮ የአሜሪካን ፖለቲካ በአማርኛ ያደርስ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ወገንተኛ ነው በሚል በወግ አጥባቂዎች ሲተች ቆይቶ በማርች 14 ቀን 2025 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሠራተኞቹ በማግስቱ የግዴታ ፈቃድ እንዲወጡ ተደረገ። ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍተው ዜናውን ይጠብቁ የነበሩ አድማጮች ስለ ዋሽንግተን የሚሰሙት አሁን በአብዛኛው ከዩቲዩብ ነው።